የአካባቢ ኳየር የሚቆመው በልምምድ ነው

በአንድ አካባቢ የኅብረ ዝማሬ ቡድን ይቋቋም ሲባል የሁሉም ሐሳብ ወዲያው ወደ መድረኩ ይሄዳል፦ የትኛው አዳራሽ፣ ምን ዓይነት ልብስ፣ ማን ይጋበዝ። ቡድኖች ሲመሠረቱም ሲፈርሱም በቅርብ ያየን ሰዎች የተማርነው ግን ሌላ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ መድረክ የሚወጣ ኳየር በዓመት አርባ ጊዜ ያህል ለልምምድ ይገናኛል፤ አካባቢው ከኳየሩ የሚያተርፈውም በአብዛኛው በእነዚያ አርባ ምሽቶች ነው። ይህን የምንጽፈው ኳየር ለማቋቋም ለሚያስቡና ያቋቋሙት ለተቀዛቀዘባቸው ነው። የምንነግራችሁም በብዛት ስለ ልምምዱ ነው።

የልምምድ ክፍል ሌላ ቦታ በቀላሉ የማይገኝ ነገር አለው። ሐኪሟ፣ ሹፌሩ፣ ጡረታ የወጡት አስተማሪና ሥራ ፈላጊው ወጣት አንድ ረድፍ ላይ ይቀመጣሉ። እዚያ ማዕረግ አይቆጠርም፤ ባሱ (ዝቅተኛው የወንዶች ድምፅ) የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን አልቶው (ዝቅተኛው የሴቶች ድምፅ) በሰዓቱ ካልገባ ዜማው አይሞላም። በሌላ ጉዳይ ተቃዋሚ የሆኑ ሁለት ሰዎች እዚህ በአንድ ምት መተንፈስ ግዴታቸው ነው። ይህ ነገር በጥናትም ታይቷል። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት አዲስ የተከፈቱ የዝማሬ ክፍሎችን ከእደ ጥበብና ከፈጠራ ጽሑፍ ክፍሎች ጋር ለሰባት ወራት አነጻጽረዋል። በመጨረሻ ሁሉም ክፍሎች ተቀራራቢ ትስስር ላይ ደርሰዋል፤ የዘመሩት ግን ገና ከጅምሩ ከሌሎቹ ፈጥነው ተቀራርበዋል። ለማይተዋወቁ ሰዎች ይህ ፍጥነት ትልቅ ነገር ነው።

ከዚህ ሰፋ ያለውን ደግሞ አሜሪካዊው የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ሮበርት ፑትናም አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1970 በጣሊያን የተቋቋሙትን የክልል መስተዳድሮች ለሁለት ዐሥርት ዓመታት ያህል ተከታትሎ በ1993 ባሳተመው ሥራው፣ መስተዳድሩ የተሻለ የሚሠራው የመዘምራን ማኅበራት፣ የስፖርት ክበባትና መሰል ስብስቦች በበዙባቸው ክልሎች እንደሆነ አገኘ። መዘመር ብቻውን አስተዳደር ያስተካክላል ማለት አይደለም። ሰዎች ያለ ጥቅም ግንኙነት በየሳምንቱ የሚገናኙበት ልማድ መተማመንን ያሳድጋል፤ ያ መተማመን ደግሞ ከልምምድ ክፍሉ አልፎ ይሄዳል። ለምሳሌ፣ የኢስቶኒያ ሕዝብ የዝማሬ በዓል እ.ኤ.አ. በ1869 በታርቱ ከተማ ሲጀመር አገሪቱ ገና በሩሲያ ግዛት ሥር ነበረች። በ1988 በታሊን የዝማሬ ሜዳ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተሰብስቦ ነፃነቱን ሲጠይቅ፣ ያንን ሕዝብ አብሮ መዘመር ያስለመዱት በየመንደሩ ለትውልዶች ሲለማመዱ የኖሩ ትናንሽ ኳየሮች ናቸው።

ስንት ሰው፣ በየትኛው ድምፅ

ለመጀመር 16 ሰው ይበቃል፤ በእያንዳንዱ ድምፅ አራት አራት። ከዚያ ካነሰ በአራት ድምፅ ለመዘመር አትቸኩሉ፤ በሁለት ወይም በሦስት ድምፅ ጀምሩ። በአንድ መስመር ላይ በጣም አስቸጋሪው ቁጥር ሁለት ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ድምፅ ሲይዙ ትንሿ የከፍታ ልዩነት እንኳ እየተንቀጠቀጠች ትሰማለች። ሦስተኛ ሰው ሲጨመር ልዩነቱ ይሸፈናል፤ አንዱ ሲተነፍስም ሁለቱ መስመሩን ይይዛሉ። በ24 ሰዎች ኳየር 7 ሶፕራኖ (ከፍተኛው የሴቶች ድምፅ)፣ 6 አልቶ፣ 5 ቴነር (ከፍተኛው የወንዶች ድምፅ) እና 6 ባስ ደኅና ሚዛን ነው። ባስ ሲበዛ ከታች ያለው ድምፅ ይደላደልና ከላይ ያሉት ሳይጮኹ ይዘምራሉ፤ ሶፕራኖ ሲበዛ ግን ሌላው ሁሉ ራሱን ለማሰማት መጮኽ ይጀምራል።

ሰው ስትቀበሉ ፈተና አታድርጉት። «ፈተና» የሚለውን ቃል ሰምተው የቀሩ ጥሩ ድምፆች ብዙ ናቸው። ለእያንዳንዱ ሰው አምስት ደቂቃ ስጡና የሚያውቀውን አጭር ዜማ ያዚም፤ ከዚያ መነሻውን በግማሽ ግማሽ ድምፅ (በፒያኖ ላይ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ቅርቡ ቁልፍ ያለው ርቀት) ከፍ፣ ቀጥሎም ዝቅ እያደረጋችሁ አስደግሙት። የምትፈልጉት የሚደርስበትን ጫፍ አይደለም፤ ድምፁ ሳይጨነቅ የሚቀመጥበትን ቦታ ነው። ሙዚቃ ላልተማረ ሰው የሚመች ክልል በግምት ይህን ይመስላል። ሶፕራኖ ከመካከለኛው ዶ (በፒያኖ መካከል ካለው ዶ) እስከ ቀጣዩ ኦክታቭ (ከአንድ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለው ርቀት) ሶል ትደርሳለች። አልቶ ከመካከለኛው ዶ በታች ካለው ሶል ተነሥታ ከመካከለኛው ዶ አንድ ኦክታቭ በላይ እስካለው ዶ። ቴነር ከመካከለኛው ዶ አንድ ኦክታቭ በታች ካለው ዶ እስከ መካከለኛው ኦክታቭ ፋ። ባስ ደግሞ ከዚያ ከታችኛው ዶም ወርዶ ካለው ፋ እስከ መካከለኛው ዶ ነው። ዜማ ስትመርጡ እነዚህን ጫፎች ደጋግሞ የሚነካውን ተዉት፤ አንድ ጊዜ መንካትና ለአራት መስመር እዚያው መቆየት አንድ አይደሉም።

እዚህ ላይ በተደጋጋሚ የሚሠራ ስሕተት አለ። ኖታ የምታነብ ወይም ጆሮዋ ጠንካራ የሆነች ሴት ስትገኝ፣ መስመሩን ስለምትይዝ ብቻ ድምፅዋ ሶፕራኖ ሆኖ ሳለ ወደ አልቶ ትገፋለች። ወንድ ባነሰ ጊዜም ሴቶች ለዓመታት ቴነር ላይ ይቀመጣሉ። ሁለቱም ድምፅን ያደክማሉ። ወንዶች ካነሱ ሁሉንም ወንድ በአንድ መስመር አድርጋችሁ በሦስት ድምፅ የተጻፈ ዜማ ፈልጉ፤ ያ መስመር ከታችኛው ዶ እስከ መካከለኛው ዶ ባለው ጠባብ ቦታ ውስጥ ከዋለ ቴነሩም ባሱም ይዘምሩታል። ድምፁ እየተለወጠ ያለ ልጅ ደግሞ ለወራት አምስት ወይም ስድስት ድምፅ ብቻ ሊቀረው ይችላል። በዚያችው ክልል የምትገባ መስመር ጻፉለት። «ድምፅህ ሲስተካከል ተመለስ» የተባለ ልጅ አይመለስም።

«እኔ ድምፅ መያዝ አልችልም» የሚል ሰው ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የጆሮ አይደለም፤ ራሱን ከሌላ ድምፅ ጋር አመሳስሎ ስለማያውቅ ነው። የእናንተን ድምፅ እንዲይዝ አትጠይቁት፤ እሱ የፈለገውን አንድ ድምፅ ያውጣና ያዙለት፤ እናንተ ወደ እሱ ሂዱ። ሁለቱ ድምፆች ሲገጥሙ የሚፈጠረውን ስሜት አንዴ ካወቀው በኋላ ግማሽ ድምፅ ከፍ በሉ፤ ይከተላችኋል። መሪዋ ሴት ሆና አዲሱ ሰው ወንድ ከሆነ ኦክታቩ ያደናግረዋል። ስለዚህ ለመጀመሪያው ሳምንት አንድ ወንድ ያዚምለት። በልምምድ ጊዜም መስመሩን አጥብቆ ከሚይዝ ሰው ፊት አስቀምጡት፤ ድምፁ ከኋላው ወደ ጆሮው ይገባል።

ሁለቱ ሰዓታት

ቀኑና ሰዓቱ አይቀየር። ይህን ከሁሉ በላይ እንመክራለን። በየሳምንቱ «መቼ ይመቻችኋል?» እየተባለ የሚጠራ ልምምድ በሦስተኛው ወር ይሞታል፤ ሰው ሕይወቱን የሚያደራጀው በተቆረጠ ቀን ዙሪያ ነውና። በእርሻ አካባቢ ከሆናችሁ የአዝመራ ወቅትን አስቀድማችሁ በዕረፍት ዝጉት። ከ10 እስከ 12 ሳምንት የሚቆይ ወቅት፣ ከዚያ ዕረፍት፣ ከዚያ ሌላ ወቅት፤ ይህ አደረጃጀት ዓመቱን ሙሉ ከሚጎተት ልምምድ ይበልጣል። ሰው መግቢያና መውጫ ሲኖረው ሳያፍር አርፎ ይመለሳል።

ለሁለት ሰዓት ልምምድ የምንከተለው ክፍፍል ይህ ነው። የመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ለማሟሟቅ ናቸው። ትከሻና አንገት ይፍታታ። በአራት ምት አየር አስገብቶ በስምንት ምት «ስስስ» እያሉ ማውጣት፣ ከዚያ በዐሥራ ሁለት፣ ከዚያ በዐሥራ ስድስት። አፍ ዘግቶ በመካከለኛ ከፍታ «ምምም» ማለት። ከንፈርን በአየር እያርገበገቡ ከዶ እስከ ሶል ወጥቶ መውረድ፤ መነሻውን በግማሽ ድምፅ ከፍ እያደረጉ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ። ማሟሟቂያው ወደ ድምፅ ጫፍ አይሂድ። ቀኑን ሙሉ ሲናገር የዋለ ሰው ገና በገባ በአምስተኛው ደቂቃ ላይ ከፍ ያለ ድምፅ ሲጠየቅ ጉሮሮውን ያጠብቃል፤ ያ ጥበት እስከ ልምምዱ መጨረሻ አይለቀውም።

ቀጥለው ያሉት 35 ደቂቃዎች ለአዲሱና ለከባዱ ዜማ ናቸው፤ አእምሮ ትኩስ የሆነው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ 25 ደቂቃ ግማሽ የታወቀውን ማጥራት፣ 15 ደቂቃ ዕረፍት፣ 25 ደቂቃ ሌላ ዜማ፣ የመጨረሻው 10 ደቂቃ ሁሉም የሚያውቀውን ሳያቋርጡ መዘመር። ሰው ከክፍሉ ሲወጣ በአፉ ይዞ የሚሄደው የመጨረሻውን ዜማ ነው። ያልተፈታ ከባድ ቦታ ላይ ተሁኖ ልምምድ ከተዘጋ በሚቀጥለው ሳምንት ወንበሮች ይጎድላሉ።

ጊዜ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቆረጠው ዕረፍቱ ነው፤ እባካችሁ እሱን አትንኩት። አዲስ የመጣች ሴት የጎረቤቷን ስም የምታውቀው፣ የታመመ ሰው እንዳለ የሚሰማው፣ ማን ከማን ጋር አብሮ እንደሚመለስ የሚነገረው በዚያ ሩብ ሰዓት ነው። ለአካባቢው ጥቅም አለው ካልነው ነገር ብዙው እዚያ ይከናወናል።

አንዱ ድምፅ ሲለማመድ ሌሎቹ ከአምስት ደቂቃ በላይ ዝም ብለው አይቀመጡ። አልቶውን ስታስጠኑ ሌሎቹ የራሳቸውን መስመር አፍ ዘግተው በለሆሳስ ይያዙ፣ ወይም ግጥሙን በምቱ ያንብቡ። መስመሮቹን ስትገነቡ ከባስ ጀምሩ፤ በላዩ ሶፕራኖን ጨምሩ፤ ከዚያ አልቶ፣ በመጨረሻ ቴነር። ባሱና ሶፕራኖው ሲቆሙ የመካከለኞቹ ቦታ በጆሮ ይገኛል። አንድን ቦታ ስታስደግሙ ምክንያቱን ተናገሩ። «እንደገና» ብቻ የተባለ ዘማሪ ስሕተቱን ይበልጥ አጥብቆ ያጠናል። «ሦስተኛው ቃል ላይ ትንፋሽ አትውሰዱ» የተባለ ግን ወዲያው ያርማል።

ኖታ የማያነብ ቡድን

አብዛኛው የአካባቢ ኳየር በጆሮ ነው የሚያጠናው፤ ይህ ነውር የለውም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊቷ ሳራ ግሎቨር የጀመረችውና ጆን ከርወን ያስፋፋው በዶ ሬ ሚ የመጻፍ ዘዴ በዌልስ የማዕድን ሸለቆዎችና በደቡብ አፍሪካ ብዙ ሺህ ሠራተኞችን በአራት ድምፅ አዘምሯል፤ ከእነርሱ አብዛኞቹ የአምስት መስመር ኖታ አያነቡም ነበር። ከግጥሙ በላይ ዶ ሬ ሚውን በፊደል መጻፍ ዛሬም ይሠራል። በየልምምዱ አምስት ደቂቃ ብቻ ከሰጣችሁት በአንድ ዓመት ውስጥ ቡድኑ ቀላል መስመር አይቶ መዘመር ይጀምራል።

በስልክ የተቀዳ የድምፅ ቅጂ ትልቅ ረዳት ነው። ለእያንዳንዱ ዜማ አራት ቅጂ ይዘጋጅ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ የራሱ ድምፅ ጎልቶ፣ የሌሎቹ ከኋላ ሳስቶ ይሰማ። መነሻው ላይ የምት ቆጠራ ይግባ፤ የትንፋሽ ቦታዎች ይነገሩ፤ ከፍታው በልምምድ ከምትጠቀሙበት መሣሪያ ጋር አንድ ይሁን፤ ላ በሰከንድ 440 ንዝረት ማለት ነው። ለቅጂው የሚዘምረውን ሰው በጥንቃቄ ምረጡ፦ ከታች ወደ ድምፁ ተንሸራትቶ የመድረስ ልማድ ካለው በሁለት ሳምንት ውስጥ ክፍሉ በሙሉ ይንሸራተታል። ቅጂው ላይ ብቻ የተደገፈ ቡድን ሌላም ችግር አለበት፤ መሪው ምቱን ሲለውጥ አይከተልም። ስለዚህ ዜማው ከተያዘ በኋላ በልምምድ ላይ ፍጥነቱን ሆን ብላችሁ ቀያይሩት።

ድምፅ ሲወርድ

ያለ መሣሪያ የሚዘምር ኳየር ሁሉ የሚያውቀው ሕመም ነው፤ በዶ ተጀምሮ ግማሽ ድምፅ ወርዶ ያልቃል። መሪዎች ወዲያው «ከፍ በሉ!» ይላሉ። ትእዛዙ ጉሮሮ ከማጥበቅ በቀር የሚያመጣው ነገር የለም። ምክንያቱን መፈለግ ይሻላል። ሰው በደከመ ጊዜ፣ ክፍሉ በታፈነና በሞቀ ጊዜ፣ ዜማው በዘገየ ጊዜ ድምፅ ይወርዳል። ከዜማው ውስጥ ደግሞ ሦስት ቦታዎችን ጠርጥሩ። አንደኛው አንድ ድምፅ ደጋግሞ የሚመታበት ነው፤ እያንዳንዱ ድግግሞሽ በጥቂቱ ይወርዳል። «እያንዳንዱ ካለፈው ትንሽ ከፍ ይላል» ብሎ ማሰብ ያስተካክለዋል። ሁለተኛው ወደ ታች የሚደረግ እርምጃ ነው፤ ሲወርዱ ከሚገባው በላይ ይወርዳሉ፤ ሲወጡ ሳይደርሱ ይቆማሉ። ሦስተኛው በሐረግ መጨረሻ አየር ሲያልቅ ነው፤ እዚያ የትንፋሽ ቦታ መጨመር ብቻውን ይበቃል።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነ መነሻውን በግማሽ ድምፅ ከፍ አድርጉት። እንግዳ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ዜማው የወደቀው የድምፅ መለወጫ ቦታ (ድምፅ ከደረት ወደ ራስ የሚሻገርበት) ላይ ስለሆነ ነው፤ ትንሽ ሲነሣ ከዚያ ይወጣል። ባሶችንም ተመልከቱ። ባሱ ከወረደ ሌላው ሁሉ በጨዋነት ይከተለዋል፤ ጥፋቱ ግን ከላይ ይመስላል።

ግጥሙና አናባቢው

ኳየር አንድ ድምፅ የሚመስለው አናባቢው አንድ ሲሆን ነው። በአንድ ክልል ውስጥ የሚገኙ ሰዎች አነጋገራቸው ይለያያል፤ የአንዱ «ኤ» ወደ «የ» ያደላል፣ የሌላው «ኦ» ወደ «ወ»። የማንም አነጋገር ስሕተት ነው አይባልም፤ ለዚህ ዜማ አንዱን እንይዛለን ተብሎ ይወሰን።

በአማርኛ ግጥም ላይ በጣም የሚያስቸግረው ሳድስ ነው። ረጅም ድምፅ «ልብ» በሚለው ቃል «ል» ላይ ቢወድቅ ግማሹ ሰው ወደ «ለ»፣ ሌላው ወደ «ሊ» ያዘነብላል፤ ድምፁም ይደፈርሳል። ሳድሱን ሳትለቁ መንጋጋን ብቻ በጥቂቱ ክፈቱ፤ ሁሉም በአንድ ልክ። ዜማ የምትደርሱ ከሆናችሁ ረጅሙን ድምፅ በራብዕ ወይም በሳብዕ ላይ አሳርፉት። ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ጰ፣ ቀ አየርን ለቅጽበት ይዘጋሉ፤ ስለዚህ ፊደሉ ከምቱ ቀደም ብሎ ይባል፤ አናባቢው በምቱ ላይ ይረፍ። እንዲህ ካልተደረገ ቡድኑ በሙሉ የዘገየ ይመስላል። የሚጠብቁ ፊደላትንም በግጥሙ ወረቀት ላይ በነጥብ ምልክት አድርጉባቸው። «አለ» ላልቶ «ተናገረ»፣ ጠብቆ «ይገኛል» ነው፤ ዜማው ምቱን ሲጎትተው ትርጉሙ ሳይታወቅ ይለወጣል። የመጨረሻዋን «ም» ወይም «ት» መቼ እንደምትዘጉም በቁጥር ተስማሙ፦ «በአራተኛው ምት»። ሃያ አራት ሰው በተለያየ ጊዜ ሲዘጋ አድማጭ የሚሰማው ያንን ነው።

መንደሮች ሲራራቁ

በከተማ ለሚኖር ኳየር ቀላል የሆነው በተበታተነ አካባቢ ከባድ ነው። ሁሉንም በየሳምንቱ ወደ አንድ ማእከል መጥራት የሚጠቅመው ማእከሉ ላይ ያሉትን ብቻ ነው፤ ከሩቅ የሚመጡት በመጀመሪያው ዝናብ ይቀራሉ። የተሻለው መንገድ በየመንደሩ ከ8 እስከ 12 ሰው ያለው ቡድን በየሳምንቱ በያለበት እንዲለማመድና በወር አንድ ቅዳሜ ሁሉም እንዲገናኙ ማድረግ ነው። መገናኛው ቦታ ይዙር። በእንግሊዝ የግሎስተር፣ የሄሬፎርድና የዉስተር ከተሞች መዘምራን ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ ተራ በተራ አንዳቸው ዘንድ እየተገናኙ በዓላቸውን ያከብራሉ፤ ለዘመናት የቆየው አንዱም ከተማ ባለቤት፣ አንዱም እንግዳ ሆኖ ባለመቅረቱ ጭምር ነው።

በዚህ አሠራር የሚበላሸው ነገር የታወቀ ነው። እያንዳንዱ መንደር ያንኑ ዜማ በራሱ ፍጥነት፣ በራሱ መነሻና በራሱ የትንፋሽ ቦታ አጥንቶ ይመጣል፤ የመጀመሪያው የጋራ ቅዳሜም ያጠኑትን በማስረሳት ያልቃል። መፍትሔው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ለእያንዳንዱ ዜማ መነሻው ድምፅ፣ የምቱ ፍጥነት በደቂቃ በቁጥር፣ የትንፋሽ ቦታዎች፣ ስንት ጊዜ እንደሚደገም፣ የት እንደሚሳሳ፣ መጨረሻው እንዴት እንደሚዘጋ ይጻፍበት። ከልምምዱ መጀመር በፊት ለሁሉም ይድረስ፤ በመካከል ከተለወጠም ለሁሉም በአንድ ቀን ይነገር።

ብዙ ቡድኖች በሜዳ ላይ አብረው ሲዘምሩ ሌላ ችግር ይመጣል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። በ34 ሜትር ርቀት ላይ የቆመ ሰው የሌላውን ጫፍ የሚሰማው በሰከንድ አንድ ዐሥረኛ ዘግይቶ ነው። በደቂቃ 120 ምት ባለው ዜማ ይህ የአንድ ምት አምስተኛ ነው፤ በግልጽ ይሰማል። በጆሮው የሚከተል ሁሉ ስለሚዘገይ ዜማው እየተጎተተ ይሄዳል። ስለዚህ ለሁሉም አንድ ትእዛዝ ይሰጥ፦ ዐይን በመሪው እጅ ላይ ይሁን። መሪው ከፍ ያለ ቦታ ይቁም፤ አሰላለፉ ጎን ለጎን ከመርዘም ይልቅ ወደ ኋላ ረድፍ ይጨምር፣ ቅርጹም ወደ ቅስት ይጠጋ። ፈጣን ዜማዎችን ለየመንደሩ ቡድን ትታችሁ ለጋራው ዘገም ያሉትን ምረጡ።

የራስ ዜማ

ኳየር ለአካባቢው ካለው ትልቅ ጥቅም አንዱ አዛውንቶች ብቻ የሚያውቋቸውን ዜማዎች በሕይወት ማቆየቱ ነው። ስትሰበስቡ መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቁ፤ ከዚያ በስልክ ቅረጹ፤ ማን፣ የት፣ መቼ እንደዘመረ በቅጂው መጀመሪያ ላይ በድምፅ ይነገር። ፋይል ስሙ ይጠፋል፤ በድምፅ የተነገረው አይጠፋም። ሁለት ጊዜ ያዚሙላችሁ፤ በሁለቱ መካከል የሚለያየው ማስጌጫ ነው፤ የማይለወጠው አጥንቱ ነው። አንድ ዜማ በሦስት መንደር በሦስት ዓይነት ቢገኝ «ትክክለኛው የቱ ነው?» የሚል ክርክር አትክፈቱ። የመጀመሪያውን ስንኝ በአንዱ፣ ሁለተኛውን በሌላው አካሄድ አዘምሩ። አንዱ መንደር ሲያወጣ ሌሎቹ ይቀበሉ። የሦስቱም መንደር ሰዎች አዳራሹ ውስጥ ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ።

በአምስት ድምፅ ቅኝት ላለ ዜማ ከመጽሐፍ የተወሰደ የአራት ድምፅ ስምምነት ስትጭኑበት ጠባዩ ይጠፋል፤ ቅኝቱ ውስጥ የሌሉ ድምፆች በመካከለኞቹ መስመሮች ስለሚገቡ ነው። ባሶች መነሻውን ድምፅ ሳያቋርጡ ይያዙ፤ ትንፋሻቸውን ተራ በተራ ይውሰዱ። ወይም ሁለተኛው ቡድን ያንኑ ዜማ ከአንድ ሐረግ በኋላ ተከትሎ ይግባ። ግማሽ ድምፅ በሌለው ቅኝት ይህ አካሄድ እምብዛም አይጋጭም። ግማሽ ድምፅ ባለበት ቅኝት ግን መግቢያውን በአንድ ምት እያዘገያችሁ እስኪስማማ ሞክሩ። ደራሲ ያለው ዜማ ከሆነ ደግሞ ፈቃዱን አስቀድማችሁ በጽሑፍ ያዙ።

አየርና ጤና

በአሜሪካ በዋሽንግተን ግዛት በስካጂት አካባቢ እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 2020 በተደረገ የሁለት ሰዓት ተኩል ልምምድ ላይ ከተገኙት 61 ሰዎች 53ቱ በኮቪድ ተይዘው ወይም ሳይያዙ አልቀሩም ተብሎ ተመዝግቧል፤ ሁለቱ ሞተዋል። ኮቪድ የመጨረሻው በሽታ አይደለም። ብዙ ሰው በጥልቅ የሚተነፍስበት ክፍል ሁለት ተቃራኒ መስኮቶቹ ይከፈቱ፤ በዕረፍት ጊዜ ሁሉም ወጥቶ ክፍሉ ይናፈስ። ያመመው ሰው መቅረቱ ከቀሪ እንዳይቆጠርበት በግልጽ ተናገሩ፤ አለበለዚያ መገኘቱን ለማሟላት ሲል እያሳለ ይመጣል። ከፍ ያለ ዕድሜ ላይ ላሉ ዘማሪዎች የኋላ መደገፊያ ያለው ወንበር ይቅረብ፤ ሲቆሙ ከቆሙት፣ ሲቀመጡ ከተቀመጡት ጋር መዘመራቸው አይከልከል። ከ70 ዓመት በላይ ያለ ባስ ጉልበቱ ቢደክም ከታች ያለው ድምፁ ብዙ ጊዜ ይቀራል፤ ወጣቶቹ ያንን ድምፅ የላቸውም።

ማን ምን ይያዝ

መሪው ሁሉን ሲይዝ ኳየሩ የእሱ ይሆናል፤ ሲሄድም አብሮት ይሄዳል። ብዙ ቡድኖች የሞቱት በዚህ ምክንያት ነው። የዜማና የግጥም ወረቀቶቹን ቁጥር ሰጥቶ የሚያወጣና የሚሰበስብ ሰው፣ ገንዘብ ያዥ፣ የመገኘት መዝገብ ያዥ፣ ለየድምፁ አንድ ተጠሪ ይኑር። ተጠሪው የቀረን ሰው በማግስቱ ይደውልለታል፤ ለወቀሳ ሳይሆን ለጤናው። ሁለት ሳምንት ቀርቶ ማንም ያልጠየቀው ሰው በሦስተኛው አይመጣም። መዋጮ ካለ አነስተኛ ይሁን፤ መክፈል የማይችል ሰው ለገንዘብ ያዡ ብቻ ነግሮ ይለፍ፤ ስሙ በሰሌዳ አይለጠፍ። መድረክ ለመውጣት ከመጨረሻዎቹ ስድስት ልምምዶች ቢያንስ አራቱን መገኘት ግዴታ ይሁን። ሕጉ ከወቅቱ መጀመሪያ በፊት ይነገር፤ ለጎበዙ ብቸኛ ዘማሪም እኩል ይሥራ። ለእሱ አንዴ ከላላ ሌላው ሁሉ ያውቀዋል።

ምክትል መሪ ከመጀመሪያው ወቅት ጀምሮ ይሰየም፤ ስም ብቻም አይሁን። በየሳምንቱ ማሟሟቂያውን እሱ ወይም እሷ ይምሩ፤ በየወቅቱ አንድ ዜማ ከጥናት እስከ መድረክ የእነርሱ ይሁን። በዚያ ዜማ ጊዜ መሪው ከክፍሉ አይውጣ፤ ወረቀቱን ይዞ ከድምፁ ተጠሪ አጠገብ ይቀመጥና እንደ ማንኛውም ዘማሪ ይዘምር። እርማት ካለው ለምክትሉ ልምምዱ ካለቀ በኋላ ለብቻቸው ይንገራቸው።